ቋጥኝ አይታቀፍም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከሚሴን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ይወርዳል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙቀቱ ይበረታበትና ጃኬቱን ያወልቃል፤ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራ ቆሬን አቋርጦ ከሚሴ ላይ ሻይ ይጠጣና መንገዱን ይቀጥላል። ሜዳውን ያያል፣ ከብቱን ያያል፣ የጨፋን ረግረግ ያያል። በስተግራው አብሮት የሚጓዘውን የድንጋይ ግድግዳ ግን ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ያየውም ቢሆን «እንዴት ያለ ተራራ ነው!» ብሎ ያልፋል እንጂ ጠዋት ወጥቶበት ማታ ከሚሴ ተመልሶ ራቱን መብላት እንደሚችል አያስብም።

ሃይኪንግ ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወደ ስሜን፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ወንጪ ወይም ወደ እንጦጦ ይሮጣል። ሁሉም ይገባቸዋል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከተሞች የተደረደሩበት ይህ የምዕራብ ግድግዳ ግን የትም ስሙ አይነሳም፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ከመሐል አገር የሚመጣ ቡድን ሁሉ በእግሩ ሥር ያልፋል፣ የሚቆም የለም። እዚህ የማስተዋውቀው በዚህ ግድግዳ ላይ የሚደረገውን የአንድ ቀን የቡድን ጉዞ ነው። አብዛኛው በእግር የሚኬድ ሆኖ፣ ከጫፉ በታች ያለው ክፍል ቋጥኝ እየቧጠጡ የሚወጡት ነው። ገመድ አይጠይቅም፤ እጅን በኪስ ከቶም አይወጡትም።

ስለ ትጥቅ ብዙ አልልም። ጎማው ያላለቀ ጫማ፣ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያህል ውሃ፣ ኮፍያ፣ ሹራብ፣ ባትሪ፣ በሶ ወይም ቆሎ። በሶን የሚንቅ ሰው ካለ ከላይ ሲደርስ ሐሳቡን ይለውጣል፤ አይበላሽም፣ አይፈርስም፣ በውሃ ተበጥብጦ ወዲያው ኃይል ይሰጣል።

ወደ ድንጋዩ ልግባ። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጀርባዋ ያለው የመንዝ ደጋ፣ ጓሳ ላይ ሲደርስ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። በዚህ አጭር ርቀት መካከል ያለው የሁለት ሺህ ሜትር ልዩነት በአንዴ የተቆረጠ ገደል አይደለም፤ ገደል፣ ከዚያ ሜዳማ እርከን፣ እንደገና ገደል፣ እንደገና እርከን እያለ የሚወጣ ነው። ምክንያቱ ከተራራው አሠራር የመጣ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ አለት አገሩን እየሸፈነ፣ እየቀዘቀዘ፣ እንደገና እየሸፈነ ተነባበረ። እያንዳንዱ ንጣፍ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ወደ ታች ተሰነጠቀ፤ አንዳንድ ቦታ ስንጥቁ ስድስት ማዕዘን ያላቸው ዓምዶች ሠርቷል። እነዚህ ዓምዶች ለሚወጣ ሰው በረከት ናቸው፤ ጫፋቸው ተሰብሮ መርገጫ ይሆናል፣ መካከላቸው ያለው ስንጥቅ እጅ ያስገባል።

በሁለት ንጣፍ መካከል ግን ብዙ ጊዜ ቀይ መስመር ታያላችሁ። አንዱ ፍሰት ካቆመ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ በነበረው ረጅም ጊዜ የተፈጠረ አፈር ነው፤ የሚቀጥለው ቅልጥ አለት ሲፈስበት ተቃጥሎ ቀላ። ውፍረቱ አንዳንዴ ክንድ አይሞላም። ሲደርቅ ይፈረፈራል፣ ሲረጥብ ይሟልጫል። ከላይና ከታች ያለው ጥቁር ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ሰው ልቡን ጥሎ ሲሄድ በዚህች ቀይ መስመር ላይ ይንሸራተታል። ከሚሴ አካባቢ ስለወደቀ ሰው ስሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ቀዩ ላይ ነው?» የሚል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አዎ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቦርከና የሚፈስበት ሜዳ ዝም ብሎ የተፈጠረ ሸለቆ አይደለም። ከግራና ከቀኝ ያለው መሬት ቀርቶ መካከሉ የሰመጠበት ስምጥ ነው፤ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ የጠርዝ ልጅ ማለት ይቻላል። መሬቱ ሥራውን አልጨረሰም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ካራ ቆሬ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል፣ በካራ ቆሬ ከቤቱ ግማሽ የሚጠጋውን ጥሏል፣ ዋናውን የደሴ መንገድ በናዳና በስንጥቅ ጎድቷል፣ አምስት ሺህ ያህል ሰው ያለ መጠለያ አስቀርቷል። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። እንደዚህ ሲጎተትና ሲሰነጠቅ የኖረ ቋጥኝ ውስጥ ውስጡን የላላ መሆኑን ለማሳሰብ ነው። ከውጭ አንድ የሚመስል ድንጋይ ከጎረቤቱ ተለይቶ በራሱ ክብደት ብቻ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ማንም መያዣ ሳይፈተሽ አይታመንም። በመዳፍ መታ ይደረጋል። ጥብቅ የሆነው ደረቅ፣ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ውስጡ ባዶ እንደሆነ ነገር ያስተጋባል። ቀጥሎ በትንሹ ይነቀነቃል። ጥርጣሬ ካለ ወደ ራስ አይሳብም፤ ወደ ታች ይጫኑታል፣ ምክንያቱም የተለየ ድንጋይ ሲሳብ ይወጣል፣ ሲጫኑት ግን ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ ይቆያል። ሣር መያዣ አይደለም። ቁልቋል ጨርሶ መያዣ አይደለም፤ ሲሰበር የሚያፈሰው ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ የቀኑ ጉዞ ያበቃል፣ ዓይንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ መጣሁ።

ሰው ከፍታ ሲያስፈራው መጀመሪያ የሚያደርገው ድንጋዩን ማቀፍ ነው። ደረቱን ይለጥፋል፣ ጉንጩን ያስጠጋል፣ ጉልበቱን ስንጥቅ ውስጥ ይሰካል፣ ክንዱን ዘርግቶ የደረሰበትን ሁሉ ይጨብጣል። ይህን የሚያደርገው ጀማሪ ብቻ አይደለም። ብዙ ተራራ ሄጃለሁ የሚል፣ ውድ ጫማ የገዛ፣ ሌላውን የሚመክር ሰው ሳይቀር ያቅፋል። ይባስ ብሎ ከኋላው ለሚመጣው «ተጠጋ! ተለጠፍ!» ብሎ ይጮኻል። የአገራችን የቡድን ጉዞ አስተናባሪዎች ደጋግመው ከሚሰጡት ምክር ሁሉ ይህን ያህል ጉዳት ያመጣ አላየሁም።

ነገሩን በዝርዝር እንየው። የሰው ክብደት ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ምድር ይወርዳል። ጫማ ተዳፋት ድንጋይ ላይ የሚቆመው ደግሞ ክብደት ሲጫነው ነው፤ ጎማው በተጫነ ቁጥር የድንጋዩን ሻካራ ገጽ ይነክሳል። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ክብደታችሁ በሙሉ በእግራችሁ ላይ ያርፋል፣ እግራችሁም ይይዛል። ወደ ቋጥኙ ስትደገፉ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አንደኛ፣ ደረታችሁና ክንዳችሁ ክብደቱን ስለሚካፈሉ እግራችሁ ላይ የሚያርፈው ይቀንሳል። ሁለተኛውና ክፉው፣ የላይኛው አካላችሁ ወደ ውስጥ ሲገፋ እግራችሁ ወደ ውጭ ይገፋል። ከግድግዳ አርቀው አጋድመው የተደገፉት መሰላል እግሩ እንደሚሸሽ ማለት ነው። ሰውየው የሚንሸራተተው በማቀፉ ነው፤ ሲንሸራተት ይበልጥ ይፈራል፣ ሲፈራ ይበልጥ ያቅፋል።

በዚያ ላይ ያቀፈ ሰው እግሩን አያይም። ዓይኑ ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ቀጣዩን መርገጫ በጭፍን በጫማው አፍንጫ ይፈልጋል፣ ያገኘውን ሁሉ ይረግጣል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ግን ወደ ታች አይቶ መርገጫውን ይመርጣል፣ እግሩን በቀስታ ያሳርፋል፣ ከዚያ ይነሳል።

እረኛውን ተመልከቱ። በአንድ ጉዞ ላይ ከጫፉ በታች ባለው ሰፊ ጠፍጣፋ አለት ላይ አንድ ጎልማሳ መምህር ተለጥፎ ቀርቶ ነበር። እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም። ከጎን በኩል አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ በረባሶ አጥልቆ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለቱን እጁን በላዩ አንጠልጥሎ መጣ። ያንኑ አለት እጁን ሳያወርድ ተራምዶ ወጣ። መምህሩ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለና በአክብሮት «ጋሼ፣ ቀና በሉ እንጂ፤ ተኝተው ይሄዳሉ እንዴ?» አለው። እኔ በብዙ ቃል የማስረዳውን ነገር ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። መምህሩ ቀና አለ፣ እግሩም መንቀጥቀጡን አቆመ።

መንቀጥቀጡ ራሱ ምክንያት አለው። ተረከዝ ወደ ላይ ተነሥቶ በጣት ብቻ ሲቆም የባት ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣል። ተረከዝ ዝቅ ሲል ጡንቻው ያርፋል፣ በተጨማሪም የጫማው ጎማ ሰፋ ብሎ ድንጋዩን ይነካል። ስለዚህ በተዳፋት አለት ላይ ተረከዝ ዝቅ ይላል። በጠባብ ጠርዝ ላይ ደግሞ የጫማው ውስጠኛ ጠርዝ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው፣ ይገባበታል። ጉልበት የትም አይገባም። ጉልበቱን ድንጋይ ላይ ያሳረፈ ሰው ከዚያ ለመነሳት የሚረግጥበት እግር አጥቷል።

የበረባሶን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ከመኪና ጎማ የሚሠራው ይህ ጫማ ደረቅ አለት ላይ ከብዙ አዲስ ቦት የተሻለ ይይዛል፤ ጠፍጣፋ ነው፣ ጎማው እውነተኛ ጎማ ነው። ችግሩ እርጥበትና የእግር ጣት መጋለጡ ነው። ከከተማ የሚመጣ ሰው በረባሶ ያድርግ አልልም፤ እረኛውን አይቶ «እነሱማ ለምደውት ነው» ብሎ የሚያልፈው ሰው ግን ተሳስቷል። ልምዱ አለ፤ ልምዱ ያስተማረው ግን ቀጥ ብሎ መቆምን ነው፣ ያንን ማንም ሰው በአንድ ጠዋት ሊማረው ይችላል።

እንስሳቱም ይህንኑ ያሳያሉ። በስሜንም በጓሳ ገደል ጫፍም የሚገኘው ሰስ የሚቆመው በሰኮናው ጫፍ ላይ ነው፤ አራቱን እግሩን አንድ መዳፍ በምታህል ቦታ ሰብስቦ ሰውነቱን ከበላያቸው ቀጥ አድርጎ ይቆማል። በቋጥኙ ስንጥቅ የሚኖረው ሽኮኮ ደግሞ የውስጥ እግሩ እንደ ጎማ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ ያም ለስላሳውን ድንጋይ ያስይዘዋል። አንዳቸውም ደረታቸውን ድንጋይ ላይ አይለጥፉም።

በትግራይ ገረዓልታ ወደ አቡነ የማታ ጎህ የሚወጡ ምዕመናንም ምስክሮቼ ናቸው። መንገዱ አሸዋማ ድንጋይ ላይ በተሠሩና በብዛት ከመረገጥ በጎደጎዱ መርገጫዎች የሚወጡት ነው፤ ጫማ ወልቆ በባዶ እግር። ሕፃን ለማስጠመቅ አዝለው የሚወጡ እናቶች አሉ። ልጅ በጀርባው ያዘለ ሰው ድንጋይ ልቀፍ ቢል ክብደቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ እናቶቹ እግራቸውን እያዩ፣ አንድ መርገጫ እየረገጡ፣ እጃቸውን ለሚዛን ብቻ እያሳረፉ ይወጣሉ። የእጅ ሥራ ያ ነው፤ ሚዛን መጠበቅ። የሚያነሳን እግር ነው። እጅን ከራስ በላይ ዘርግቶ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው ክንዱ ቶሎ ይዝላል። መያዣ በደረትና በራስ መካከል ባለው ከፍታ ይፈለግ፤ ባይገኝም በመዳፍ ወደ ታች መጫን ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለችው ሕግ አጭር ናት። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ይይዛሉ፣ አንዱ ይሄዳል። ሁለት በአንድ ጊዜ አይነሱም። ፍጹም ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ የሰውነት አያያዝ ሌላ ነው፤ እርሱ የገመድ ሥራ ስለሆነ የቀን ጉዞ ቡድን እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም፣ ዞሮ ይሂድ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቡድን የምትመሩ ሰዎች፣ ወደ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ከሥር ባለ ጉልበት በማይደርስ ተዳፋት አለት ላይ ሁሉንም አስቁሙ። መጀመሪያ አቅፈው ይሞክሩት፣ ቀጥሎ ቀና ብለው። እግራቸው ሲሸሽና ሲይዝ ራሳቸው ይሰማቸዋል። ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ ከላይ ግን ብዙ ለቅሶ ያስቀራል።

ሰዓትን በተመለከተ፣ የስኮትላንዱ ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ያገለግላል። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ በየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይደመራል። ስምንት ኪሎ ሜትር ሄዶ 1,000 ሜትር ለሚወጣ ሰው ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይመጣል። ይህ ዕረፍት የሌለበት፣ መንገድ ላለው ጉዞ ነው። ቋጥኙ ላይ ሰው በየተራ ነው የሚወጣው፤ አሥራ አምስት ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ቢወስድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። በመውረድም ያው ነው። ለዚህ ነው ሃምሳና ስልሳ ሰው በሁለት አውቶቡስ ጭኖ መምጣትን የምቃወመው። አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሁለት ተከፍሎ በተለያየ ሰዓት ይነሣ።

ከሚሴ ላይ ሌላ ሒሳብ አለ። ግድግዳው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ የጠዋት ፀሐይ ጨርሶ አይምረውም። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጥቁሩ ድንጋይ ይግላል፤ 6 ሰዓት ላይ መዳፍ ማሳረፍ ያስቸግራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ከግድግዳው ጀርባ ትገባና ሜዳው ገና ብሩህ ሳለ ገደሉ ይጠቁራል። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት የትጉህነት ማሳያ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ከጫፉ ተደረሰም አልተደረሰም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፊት ወደ ታች ይዞራል። ወሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ይሁን። በክረምትና በበልግ ዝናብ ቋጥኝ መቧጠጥ አይገባም፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ጫፉን ይወደዋል። ከላይ ያለው አየር ሌላ ነው፤ በየሺህ ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ተኩል ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ይቀንሳል፣ ከታች በቆላ ሙቀት ያላበው ሰው ላይ ሲደርስ ጉም ከሥሩ ተነሥቶ ይከበዋል። ከ2,500 ሜትር በላይ ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ጫት ይዞ መውጣት ደግሞ መጥፎ ልማድ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ ረኃብን ይደብቃል፣ ድካሙን የሚያሳውቀው ዘግይቶ ነው።

መንገዱ የማን ነው? የገበያተኛ ነው። እሑድ ለሰንበቴ፣ ሰኞ ለባቲ ገበያ ደገኛው ጓዙን በአህያና በትከሻ ይዞ የሚወርድባቸው፣ ማታ ጨውና ጨርቅ ይዞ የሚመለስባቸው መንገዶች በግድግዳው እርከኖች ላይ ተቀይሰዋል። ባቲ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው የሚገናኙት ለዘመናት በእንደነዚህ ዓይነት መንገዶች ነው። አንዲት የገበያ ሴት አቀበቱ ላይ ተቀምጠን ስታገኘን «ልጆቼ፣ ምን ልትሸጡ ነው የምትወጡት?» አለችን። ምንም አንሸጥም፣ ልናይ ነው ስንላት ሸክሟን አስተካክላ «እሰይ፣ እዩ!» ብላ አለፈችን፤ ከእኛም ቀድማ ከላይ ደረሰች። ለእነዚህ ሰዎች መንገድ መልቀቅ ክብር ነው። ቡድን በጠባብ መንገድ ተሰልፎ ሸክም ለያዘ ሰው መተላለፊያ ሲያሳጣ ስመለከት ደሜ ይፈላል። ቋሚ ወደ ውስጥ፣ በተራራው በኩል ይጠጋል፤ አህያም ቢሆን ሸክሟ ገፍቶ እንዳይጥላችሁ በተራራው በኩል ቁሙ።

ከመነሣት በፊት ለቀበሌው ማሳወቅና ከሥር ያለውን መንደር ሽማግሌዎች ማናገር የግድ ነው። የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ መቅጠርና ተገቢውን መክፈልም እንዲሁ። የሃይላንድ ጠርሙስ ባዶውን ይዞ መመለስ የሚያቅተው ሰው ሙሉውን ይዞ እንዴት እንደወጣ ሊገባኝ አይችልም።

ድንጋይ ማንከባለል ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ይቅርታ የለውም። ከጫፍ ላይ ሆኖ ድንጋይ ገፍቶ ሲወርድ እያየ የሚስቅ ጎልማሳ አይቻለሁ። ከሥሩ እርከን ላይ እርሻ አለ፣ ከብት አለ፣ እረኛ አለ፣ የራሱ ቡድን ሰው አለ። ሳይታሰብ የተነቀለም ቢሆን የነቀለው ሰው ወዲያው «ድንጋይ!» ብሎ ይጩህ። የሰማ ሰው ወደ ላይ አያንጋጥ፤ ራሱን በቦርሳው ሸፍኖ ወደ ቋጥኙ ይጠጋ። ማቀፍ የሚፈቀደው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የላላ ድንጋይ ባለበት ሰርጥ ውስጥ ቡድኑ አንዱ ከሌላው በጣም ተጠጋግቶ ይሂድ፤ ድንጋዩ ፍጥነት ሳይሰበስብ በእጅ ይያዛል። ያለዚያ አንድ ሰው ጨርሶ ወጥቶ ከመስመሩ ዞር እስኪል ሌላው ከጎን ይጠብቅ። መካከለኛ ርቀት ከሁሉም ይከፋል።

መውረድ ከመውጣት ይከብዳል። ጉልበት ደክሟል፣ ትኩረት ሄዷል፣ መርገጫው ከሥር ስለሆነ አይታይም። እዚህም ያው ስሕተት መልኩን ለውጦ ይመጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ድንጋዩን ያቀፈ ሰው ሲወርድ ይቀመጥበታል። በቂጡ እየተንሸራተተ የሚወርድ ሰው ክብደቱን ከእግሩ ላይ አንሥቷል፤ መቆም ሲፈልግ የሚይዝለት ነገር የለም። ዘንበል ባለው ቦታ ፊትን ወደ ሸለቆው አድርጎ፣ ጉልበትን አጠፍ፣ ወገብን ከእግር በላይ አድርጎ መውረድ ነው። ሲብስ ወደ ጎን መዞር፤ ጨርሶ ሲቀና ፊትን ወደ ድንጋዩ አዙሮ፣ ክንድን ዘርጋ አድርጎ ደረትን አርቆ፣ በክንድና በደረት መካከል ባለው ክፍተት እግርን እያዩ መውረድ።

በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ሲወርድ መድረቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ከላይ ሆኖ መጮኽ አይረዳውም፣ እጁን መጎተት ደግሞ ሚዛኑን ይነጥቀዋል። ልምድ ያለው ሰው ከሥሩ፣ ትንሽ ወደ ጎን ሆኖ ይቆማል፤ ስሙን ጠርቶ በለዘበ ድምፅ እግሩን በቃል ይመራል፦ «ቀኝ እግር፣ አንድ ስንዝር ወደ ታች። አዎ። ተረከዙን ጣል። አሁን እጅህን።» አስፈላጊ ከሆነ ጫማውን በእጁ ይዞ መርገጫው ላይ ያሳርፍለታል። ሌላው ሰው ዝም ይላል። ደካማው መካከል፣ ጠንካራው መጨረሻ ይሆናል፤ ብዙ ቡድን ጠንካራውን ከፊት አድርጎ ይልካል፣ እርሱም ቀድሞ ወርዶ ታች ሻይ ቤት ይቀመጣል፤ ኋላ ችግር ሲመጣ የሚያግዝ የለም።

ከቋጥኙ ሥር ሁሉም ተቆጥሮ እስኪሰበሰብ ማንም እግሩን ወደ መንደሩ አያነሣም። የቀረው የገበያ መንገድ ቢሆንም ቀዩ መስመር ከታችም አለ፤ ባትሪ የያዘ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይሁን።